የአክተሩ ብስክሌት

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ልብስ አጠብኩ። ሽንኩርት አልቋል። ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ብረት ያንኳኳል፣ ጆሮዬን በላው። ብስክሌት ልሠራ ነው ይላል... መሪው እንደ በሬ ቀንድ ሽቅብ የወጣ፣ የፊት ሹካው የረዘመ፣ መቀመጫው መሬት ሊነካ የደረሰ። ፊልም ላይ እንደዚያ ያለ ሞተር ሳይክል አይቶ ነበር። ወጣት ሳለ።

"ስልሳ ሊሞላህ ነው" አልኩት።

"ለዚህ ነው ጋደም ብዬ የምነዳው" አለ።

ሰፈሩ አክተሩ ይለዋል። መልከ መልካም ነበር። ፊቴን አልሸፍንም እያለ ያለ መነጽር ሲበይድ ኖሮ ግራ ዓይኑን እሳቱ በላው። ቀኙም እየከዳው ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ብየዳ የሚባል ነገር እንዳትነካ ብሎታል። ታዲያ ብስክሌቱ በምን ሊያያዝ ነው? በምራቅ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ነገሩ ዛሬ ገባኝ። ሲኒማ ቤቱን ሊያፈርሱት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የጠረግሁትን። በሩ ላይ ያሉት የነሐስ ጣዎሶች፣ ሰማያዊው ጣራ ከነጀሶ ኮከቦቹ፣ የከፋይ ወንበሮቹ... ብስክሌቱን በዚያ አምሳል ሊያስጌጠው ነው።

"ሳልታወር አንዴ ላየው ብዬ ነው እትዬ።"

እትዬ የሚለኝ ሲፈልገኝ ነው።

ዘበኛው ያውቀኛል፣ አስገባኝ። አንድ ጣዎስና የአንድ ወንበር ከፋይ ይዤ ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ አምፖል ያልወሰድኩ ሴትዮ፣ በስተርጅና ሌባ አደረገኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

በየደ። ብረቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ብቻውን አይችልም፣ አንዱን ቱቦ ካንዱ ጋር የሚገጥምለት ሰው ይፈልጋል።

"ፊትሽን አዙሪ" ይለኛል በየመሐሉ።

እኔ አዞርኩ። እሱ አየ። ፍንጣሪው ክንዴን ሁለት ቦታ አቃጠለው፣ ብረቱን አልለቀቅኩም። ከሰዓት ዓይኑ አብጦ እንባው አላቆም አለ። ድንች ቆርጬ በጨርቅ አሰርኩለት።

"ጨው ጨምሪበት" አለ።

ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ተናደድኩ። ሐኪሙ ያለውን አብሬ ሰምቻለሁ። ብረቱን አልይዝም ብል ኖሮ አይበይድም ነበር። ለምን ያዝኩ?

እሑድ፣ ጥቅምት 25

በብስክሌቱ ቀለም ተጣላን።

"የሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ቀይ ነው" አለ። "የረጋ ደም የመሰለ ጥቁር ቀይ።"

"አረንጓዴ ነው። በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ያየሽው መጥረጊያሽን ነው።"

ለምን እንደሚሳሳት አውቃለሁ። እሱ የሚገባው ፊልሙ ሊጀመር ሲል ነው፣ ትልቁ መብራት ጠፍቶ ቀያዮቹ አምፖሎች ብቻ ሲቀሩ። በነሱ ብርሃን አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ይቀላል። እኔ ጠዋት በሮቹን ወለል አድርጌ ከፍቼ በፀሐይ ነው የማውቀው። አንድ አዳራሽ ውስጥ አርጅተን አንድ ግድግዳ አላየንም።

ስንቱን ወሰደብኝ... እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ደብተሩን ተሸክሜ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ሲኒማ ቤት የገባው በኔ ነው፣ በነፃ። አጠገቡ የምቀመጠው ከፊልሙ ሥር የሚጻፈውን እንዲያነብልኝ ነበር። ፊልሙ ላይ ያለችው ሴትዮ እያለቀሰች ብዙ ታወራለች፣ ጽሑፉ ይመጣል፣ ይሄዳል።

"ምን አለች?" እለዋለሁ።

"ምንም።"

ሁልጊዜ ምንም። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ላይ የጎልማሶች ትምህርት ስገባ "ለሞት ማመልከቻ ልትጽፊ ነው?" ብሎ የሳቀውም እሱ ነው።

ግድግዳዬን ግን አልሰጠውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ቀለም እንድገዛ ላከኝ። እሱ መለየት አቅቶታል፣ ሁሉም ቡኒ ይሆንብኛል ይላል። በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ፊደሎቹ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ መሬት። "ጥቁር ቀይ። አንድ ጣሳ። አደራ እትዬ።"

በሕይወቱ የጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ። መንገድ ላይ ሦስቴ አነበብኩት።

"ምን ልስጥሽ እናቴ?" አለኝ ባለሱቁ።

አረንጓዴ አልኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ሁለተኛውንም እጅ ቀባሁ። ጣዎሱን መሪው መሐል ላይ አስሮታል። ከፋዩን መቀመጫው ላይ ሰፋሁለት። በጀሶ ኮከቦቹ አምሳል ከቆርቆሮ ኮከብ ቆርጦ በየጎማው ሽቦ መሐል አስገብቷቸዋል፣ ጎማው ሲዞር ይንሿሿሉ። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

"ቀዩ እንዴት ነው?"

"እንደነበረው" አልኩት።

ውሸት አይደለም... ውሸት ነው። ፊቱን ብረቱ ላይ አስጠግቶ ብዙ ቆየ፣ አፍንጫው ቀለም ሊነካ።

"ጨለም ብሎብኛል" አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጎረቤታችን ጎማ ሠሪው ጎማውን ሊነፋለት መጣ።

"አክተሩ፣ ምነው አረንጓዴ አረግኸው? ሰላጣ አስመሰልከው እኮ።"

ወንድሜ ፊቱን ወደኔ አላዞረም።

"ቀይ ነው" አለ።

"ኧረ ተው..."

"እህቴ ቀይ ነው ብላለች። አንተ ንፋ።"

ጎማ ሠሪው አየኝ። ከዚያ ነፋ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ጠዋት "መስኮቱን ክፈቺው" አለኝ።

መስኮቱ ክፍት ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። አለቀ ነው ያለው፣ በሌላ ቃል። መበየዱን ሲሰማ እኔን እያየ ማን ብረት እንደያዘለት ጠየቀ። ነገርኩት።

የመጨረሻ ያየው ቀለም ምን ይሆን? ያን ቀን ፊቱን አስጠግቶ... ቡኒ ብቻ ነው? ወይስ አይቶ ዝም አለኝ? መጠየቅ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመርኩ። ድምፁን ሰምቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ።

"ምን እየፋቅሽ ነው?"

"አረንጓዴውን።"

አሁን ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ በቀለለኝ። እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ቀድጄ ግማሹን ሰጠሁት። ማዶ ቁጭ ብሎ ፋቀ። እስከ ምሳ ፋቅን። አንዴ ብቻ እጁን አቁሞ፣

"በፀሐይ ያምር ነበር?" አለ።

"ጠዋት ጠዋት" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ቀይ ነው። ጥቁር ቀይ። ከመቀመጫው ሥር ጣት የምታህል አረንጓዴ ሳልፍቅ ትቻለሁ። የት እንዳለች ነገርኩት፣ በጥፍሩ ፈልጎ አገኛት።

ዛሬ ላዩ ላይ አስቀምጬ መሪውን ይዤ ጎተትኩት። ጀርባዬ ሊበጠስ። ኮከቦቹ ይንሿሿሉ።

"ሰው እያየን ነው?"

"እያየን ነው።"

"ምን ይላሉ?"

"ይስቃሉ።"

"ይሳቁ። እኛም በነፃ ነበር የምንገባው።"

ሲኒማ ቤቱ የለም። ቆርቆሮ አጥር ነው፣ ከበላዩ አቧራ። የቀሩትን ጣዎሶች ማን እንደወሰዳቸው እንጃ። አጥሩ ላይ ሰፊ ሰሌዳ ቸንክረዋል።

"የተጻፈ ነገር አለ?"

"አለ።"

"ምን ይላል?"

"ምንም" ልለው ነበር። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች፣ ስንት ዓመት ይዣት እንደኖርኩ እኔ አውቃለሁ።

ብስክሌቱን ከነእሱ አጥሩ ላይ አስደገፍኩ። ጣቴን ሰሌዳው ላይ አድርጌ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ታች ያሉትን ደቃቃ ጽሑፎች ሳይቀር፣ የስልክ ቁጥሩን ሳይቀር።

ስጨርስ "እንደገና" አለ።

እንደገና አነበብኩለት።