የሙሽሮቹ ዳስ የዘጋው መግቢያ

ቀን፦ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማችን ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት
ሀዋሳ

አመልካች፦ ገብረጻድቅ ዘውዴ (ጡረተኛ)

ጉዳዩ፦ መግቢያው በመዘጋቱ ሽንት ቤቱን ማስመጠጥ ባልቻልኩበት ግቢ ያሉት የኪራይ ክፍሎች እንዳይታሸጉ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ይህን ማመልከቻ ተስፋ አድርጌ ነው የምጽፈው ብል እዋሻለሁ። ከዚህ በፊት በዚሁ ጉዳይ ደጅ ስጠና ከርሜያለሁ፤ የእርስዎ ጥበቃዎች በስሜ ነው የሚጠሩኝ። ሆኖም የጤና ተቆጣጣሪዎች ባለፈው ሳምንት መጥተው፣ ሽንት ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመጠጠ የማከራያቸው ክፍሎች እንደሚታሸጉ ስለነገሩኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ተቆጣጣሪዎቹ ትክክል ናቸው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንን ግቢ አሽገው ነበር።

1. ግቢው የእኔና የባለቤቴ የወ/ሮ አበበች ነው። በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ ጥቂት በጥቂት የሠራኋቸው አራት ሰርቪስ ክፍሎች ከጀርባ አሉት፤ ጡረታዬ ከወር ወር ስለማያደርሰን በኪራያቸው ነው የምንኖረው። ጥገናውን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ቆርቆሮ ሲያፈስ እኔ እወጣለሁ፣ ቀለሙን እኔ እቀባለሁ፣ የተሰበረ ቧንቧ እኔ እቀይራለሁ። የውኃውን ሒሳብ በሰው ቁጥር፣ የመብራቱን በአምፖል አካፍላለሁ። አንድ ጊዜ ሄኖክ የሚባል ተከራዬ በድብቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቶ ቆጣሪውን ሲያስጋልበው፣ ጭማሪውን ሌሎቹ ላይ ከመጫን ብዬ ከኪሴ ከፍያለሁ። ይህን የምጠቅሰው ምስጋና ፈልጌ አይደለም፤ ቤቱን የጣልኩ ሰው እንዳልሆንኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

2. ሠፈራችን ዝቅ ያለ በመሆኑ ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የሽንት ቤት ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፣ በየክረምቱም በመኪና ማስመጠጥ ግድ ነው። መኪናው ወደ እኔ የሚገባው በጎረቤቴ በአቶ ማቴዎስ አጥር ሥር ባለችው መተላለፊያ ብቻ ነበር። ከአስፋልቱ ቆሞ ይምጠጥ እንዳይባል ቱቦው አይደርስም፤ ሞክረነዋል።

3. የዛሬ ሦስት ዓመት የአቶ ማቴዎስ ልጅ ዮፍታሄ አገባ። ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ አቶ ማቴዎስ አንድ ሽማግሌ ይዘው መጥተው፣ ለአንድ እሑድ ብቻ ዳሱ መተላለፊያው ላይ ይጣልልን አሉኝ። ለሠርግ እንቢ የሚል ጎረቤት እስቲ ይጥሩልኝ። እኔ እንዲያውም እንጨቱን አብሬ ተክያለሁ፣ ከጣሪያ ጥገና የተረፈኝን ቆርቆሮም አውሼ ዳሱን አልብሻለሁ። ኳየሩ ሲዘምር ዋለ፣ በላን፣ መረቅናቸው። እንግዳው ሄደ፤ ዳሱ ግን ቀረ። ሙሽሮቹ የሚከራዩት ቤት እስኪያገኙ ነው ተባለ፤ የእኔም ክፍሎች ያኔ ተከራይ ነበረባቸው። መጀመሪያ ብርድ ልብስ ጋረዱበት፣ ቀጥሎ ችፑድ መቱበት፣ ቀጥሎ ብሎኬት መጣ። በየጠዋቱ ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ እወጣለሁ። ሙሽራዋ ሳምሪ ከዚያው ብቅ ብላ አባባ እንደምን አደሩ ስትለኝ መርቄያት እመለሳለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ውጡ ማለት አልሆነልኝም።

4. ጉድጓዱ ሞልቶ ተከራዮቼ ማጉረምረም ሲጀምሩ ግን ለመሥሪያ ቤትዎ አመለከትኩ። እውነቱን ለመናገር መሥሪያ ቤትዎ አላጉላላኝም፤ መተላለፊያው የጋራ መሆኑ ተጣርቶ እንዲፈርስ ታዘዘ፣ አፍራሾችም በተባለው ቀን መጡ። በዚያ ሳምንት ሳምሪ ወልዳ ነበር። አፍራሾቹ ደጃፉ ላይ ቆመው እርስ በርስ ተያዩ። የቡድኑ መሪ፣ ፍፁም የሚባል ጨዋ ወጣት፣ ወደ እኔ ዞሮ አባቴ አራስ አለች፣ እናፍርስ ወይስ እንመለስ ብሎ ጠየቀኝ። ክቡርነትዎ ምን ይሉ ነበር? ተመለሱ አልኩ። ሴቶቹ ሁላችንንም ገንፎ ሳያበሉ አልለቀቁንም። ፍፁም ሪፖርቱን ሲጽፍ አመልካቹ አቤቱታቸውን በፈቃዳቸው ትተዋል ብሎ ጻፈ፤ እኔም ለዚያ ቀን ብቻ መስሎኝ ፈረምኩ። መዝገቡም በዚያው ተዘጋ፤ ደጅ ስጠና የከረምኩት እሱን ለማስከፈት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በቁጥር መጻፉን ትቻለሁ፤ ሁሉም አንድ ነው።

ሕፃኑ አሁን በእግሩ ይሄዳል። ቤቱ በር ተገጥሞለታል፣ መብራት ገብቶለታል። አቶ ማቴዎስን ስጠይቃቸው ልጆቼን የት ልጣላቸው ይሉኛል። ቀን ሠራተኞች ቀጥሬ በበርሜል አስወጣሁ፤ ሠፈሩ ከሽታው የተነሣ ጮኸብኝ፣ ከሥር የሚመነጨው ውኃም ጉድጓዱን በሳምንቱ መልሶ ሞላው። ተከራዮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ግዛቸው የሚባለው፣ ስምንት ዓመት አብሮን የኖረው፣ ወደ ታቦር ክፍለ ከተማ ሲሄድ ፊቴን ማየት አፍሮ ቁልፉን በመስኮት ትቶልኝ ነው የሄደው። ሦስቱ ክፍሎች ባዶ ናቸው።

መቼስ ክፍል ባዶ ከሆነ ለምን ልጆቹን አታስገባቸውም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለምኛቸዋለሁ፣ ያለ ኪራይ፣ ውኃና መብራቱንም እኔው እየከፈልኩ። ሕፃን ይዘን እዚያ ሽታ ውስጥ አንገባም፣ መጀመሪያ ይመጠጥና እንገባለን አሉኝ። የሚመጠጠው ደግሞ እነሱ ሲወጡ ነው። ለጊዜው ዘመድ ቤት ሰንብቱ ብላቸው፣ አንዴ ከወጣን መመለሻ የለንም ብለው ፈሩኝ። የከሰስኳቸው ሰው ስለሆንኩ አልፈርድባቸውም። ግን ሆዴ ብሷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለቤቴ አበበች ግማሽ ሰውነቷ ከደነዘዘ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ከአልጋ አትነሣም። የቀረችኝ ተከራይ ታቢታ ትባላለች፤ በአንድ ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ናት። አንድ ማለዳ አበበችን ለማዞር ስታገል ድምፅ ሰምታ ሳትጠራ ገባች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ መልስ አብረን እናነሣታለን፣ እናጥባታለን፣ እናዞራታለን። አልተዋዋልንም። ኪራይ አልቀበልም ብላት አኩርፋኝ ነበር፤ የውኃና የመብራቱን ብቻ አልቀበልሽም ብዬ ተስማማን። ሌሎቹ ሲወጡ እሷን ያቆያት የክፍሉ ምቾት አይደለም። ክፍሏ ሲታሸግ ግን ትሄዳለች፤ በእሷ ደመወዝ በአቅራቢያችን የሚገኝ ቤት የለም። በእኛ ቤት እንዳላስጠጋት ያለን አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ነው፤ እሷም የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው።

ስለዚህ የምለምነው፦

ሀ) መኪናው የሚገባበት ያህል ግንቡ እንዲነሣና ለልጆቹም መጠጊያ እንዲፈለግላቸው፤ ይህ እንደማይሆን በልቤ አውቀዋለሁ፣ ግን ካልጻፍኩት አልጠየቅህም እባላለሁ።

ለ) ይህ ካልሆነ ከአስፋልቱ እኔ ግቢ የሚደርስ ረጅም ቱቦ ያለው መኪና ካለ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል እንዲጠየቅልኝ፤ እስካሁን ጠይቄ የለም ተብያለሁ።

ሐ) ይህም ካልሆነ ሦስቱ ባዶ ክፍሎች ታሽገው የታቢታ ብቻ እንዲቀር። ተቆጣጣሪዎቹ ሕጉ ክፍል አይለይም ብለውኛል።

መ) ይህም ካልሆነ፣ ለማሸግ የሚመጡት ሠራተኞች በጠዋት እንዳይመጡ እንዲታዘዙልኝ። ታቢታ ሥራ ከመግባቷ በፊት አበበችን አጥበንና አዙረን እንድንጨርስ ነው። የዚያን ቀን ማታ ግን ማን እንደሚያነሣልኝ አላውቅም፤ እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን ሞክሬ አቅቶኛል።

ለሚሰጡኝ ጊዜ ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፊርማ
ገብረጻድቅ ዘውዴ