ሁለታችንም ያጎላነው ምልክት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ? የአናጢነት ሥራ ጎንበስ ቀና ይበዛበታልና እሰጋለሁ። ባለቤትህ፣ ልጅህ ሚጡ፣ አክስቴ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? አባዬስ? አባዬን መጨረሻ ላይ የጠየቅሁት ረስቼው አይደለም። ፈርቼ ነው። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ሁልጊዜ ነው የምጽፈው፤ ዛሬ ግን ወደ እውነቱ ቀረብ ብሏል።

ሰሞኑን ስደውል አባዬ ተኝቷል ትለኛለህ። በጠዋት ተኝቷል። በቀትርም ተኝቷል። ትንሽ እግሩን ነው ያመመው፣ እየተሻለው ነው አልከኝ። እኔ ግን መጥቼ ላየው ፈለግሁ። አለቃችን የምንሠራው ሰሌዳ ፈተናውን ሳያልፍ ለማንም ፈቃድ የለም አለችኝ። ሰሌዳው ደግሞ አላልፍ አለ።

ሥራሽ ምንድን ነው ስትለኝ የኮምፒውተር ነገር ብዬ አልፍሃለሁ። ዛሬ ልንገርህ። ሁለት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች በጥንድ ቀጭን ሽቦ ይነጋገራሉ። የሚሉት አንድና ዜሮ ብቻ ነው፤ ግን ዓይንህን እስክታርገበግብ በቢሊዮን የሚቆጠር ያልፋል። እያንዳንዱ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ጥቂት ከቀደመ ወይም ከዘገየ ተቀባዩ አንዱን ከሌላው ያምታታል። ምልክቶቹን ስክሪን ላይ ስንደራርባቸው፣ ሰዓታቸውን ከጠበቁ መሃላቸው እንደ ተከፈተ ዓይን ይሆናል። ከተንቀጠቀጡ ይጨፈናል። የእኛው ተጨፍኖ ሰነበተ። ባየሁት ቁጥር ተኝቷል የሚለው ያንተ ድምፅ ይመጣብኝ ነበር።

ሽቦው ሲረዝም ፈጣኑን ምልክት ያደክመዋል። ስለዚህ ወይ ላኪው ሲልክ፣ ወይ ተቀባዩ ሲደርሰው ጎላ ያደርገዋል። የላኪው ወገን የእኔ ነው። ተቀባዩን የያዘው ባልደረባዬ ቅጽል ስሙ ቀስ በቀስ ነው፤ እሳት ተነሳ ብንለው እንኳ ቀስ በቀስ እንውጣ የሚል ሰው። ፈተናው በወደቀ ቁጥር ጥፋቱ ከእሱ በኩል መሰለኝ። ግን በምን አፌ ልንገረው? ጨዋ ሰው ነው፣ ይከፋዋል። ዝም ብዬ በእኔ በኩል ትንሽ አጎላሁ። ወደቀ። ደግሞ አጎላሁ።

ትናንት ምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠን ባልደረባዬ ዳቦውን አስቀመጠና፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ አለኝ። ችግሩ ያንቺ መስሎኝ፣ ላለማሳፈር ብዬ በስውር በእኔ በኩል ሳጎላ ነበር አለ። ሻዩ ትን አለኝ። ጀርባዬን እየመታ ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ ይለኛል። ከልክ በላይ የጎላ ምልክት ጫፉ ይሳብና የሚከተለውን ይረግጠዋል። ሰዓቱን ያዛነፍነው እኛው ነበርን። አለቃችን ስትሰማ ራሷን ይዛ፣ እናንተ ሰዎች ሰሌዳውን በይሉኝታ ልትገድሉት ነበር እኮ አለችን። እየሳቀች ነው።

እሱም ዝቅ አደረገ፣ እኔም ዝቅ አደረግሁ። ዓይኑ ተከፈተ። ሰፊ፣ ንጹሕ። ፈተናው ሲሠራ አደረ፤ ዛሬ ጠዋት አንድም ስሕተት የለም። ፈቃዴ ተፈረመ።

ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ፤ ደስታው መሃል ሌላ ነገር ገባ። እኔ እንዳትጨነቅ ብዬ ደህና ነኝ እላለሁ። አንተ እንዳልጨነቅ ብለህ ደህና ነው ትላለህ። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ልጀምር። ክፍሌ ይበርዳል። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ስፈራ ከስቻለሁ። እሑድ ከማንም ጋር ሳልነጋገር የሚመሽበት ጊዜ አለ። ይኸው ነው፤ ተናገርሁትና አልሞትሁም። አባዬ መቆም ይችላል? ይበላል? በስልክ ድምፅህን ታለሳልሳለህ፤ ስለዚህ በወረቀት ጻፍና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። መምጣቴ አይቀርም። ማወቅ የምፈልገው ሮጬ ልምጣ ወይስ ተራምጄ መሆኑን ነው።

ለባለቤትህ፣ አባዬን ለምታስታምምልን፣ ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ። አክስቴን፣ አሁንም እየተቆጣች ከሆነ ደስ ብሎኛል በላት። ሚጡን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጥርሷ ወልቆ ከሆነ በሌላኛው በኩል። አባዬን ጆሮው ሥር ጠጋ በልና ልጅህ ልትመጣ ነው በለው። የመለሰልህን ሳታሳምር ጻፍልኝ፤ ምንም ካልመለሰም እሱኑ ጻፍልኝ።

ታናሽ እህትህ

ከሥራ ቦታዬ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ሐሙስ፣ የካቲት ፲፪ ቀን