ከሰበታ በላይ ያለው ገመድ

ሰበታ፣ ጥቅምት 14

ለውድ እማማ፣ ለባለቤቴ እናት፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲወጣ ሕመሙም ጋብ እንዳለልዎ ተስፋ አለኝ። ጤፉስ ዘንድሮ እንዴት ያዘ? ላሚቱ ወለደች? እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት መስከረምን ሙሉ ቀና አላስብል ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ተንፈስ ብያለሁ።

ሁለት ጊዜ ደውዬልዎት «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን ዘጋን። ይሄ ነገር በስልክ እየተጮኸ የሚወራ ስላልሆነ ጻፍኩት። የምታነብልዎት መቼም ጣቢታ ናት። ጣቢታዬ፣ ስታነቢ አትቸኩዪ፤ ጎረቤትም አትጥሪ።

ነገሩ የልጄ የሄመን ነው። ሐምሌ ላይ ሥራ አገኘሁ ብላ ስትመጣ እልል ብዬ ነበር። ምን ሥራ ነው ስላት፣ ከሰበታ በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ዚፕላይን ተከፍቶ አስጎብኚ ሆኛለሁ አለችኝ። ከዛፍ ዛፍ የብረት ገመድ ወጥረው፣ ሰውን በመታጠቂያ አንጠልጥለው የሚያንሸራትቱበት ነው። አባቷ ከመብራት ምሰሶ ላይ ወድቆ ከሞተብን ስድስት ዓመቱ ነው፤ የእሱ ልጅ ከሥራ ሁሉ መርጣ ከፍታ ላይ ልትንጠለጠል? «አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብርም። ወይ ሥራውን ወይ እኔን!» አልኳት። ልብሷን ሸክፋ ዓለም ገና ያለች ጓደኛዋ ጋ ገባች። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሲደውሉልኝ «ሄመን ደህና ናት» እልዎት የነበረው ከሰው እየሰማሁ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መልእክት ላከችልኝ። «እማ፣ ነገ ነይና እዪኝ። አይተሽ ተይው ካልሽኝ እተዋለሁ» ይላል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ተይው ልላት ነው የሄድኩት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባጃጅ ይዤ፣ የምላትን በሆዴ እየደጋገምኩ ወጣሁ።

ደርሼ ሳያት አላወቅኳትም። ቢጫ ሄልሜት አጥልቃ፣ ወገቧ ላይ መንጠቆ ደርድራ፣ ስምንት ሰው ፊቷ አቁማ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ታስረዳለች። ያቺ ቤት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ! ስታየኝ አልሮጠችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ዋጥ አድርጋ እንደማንኛውም እንግዳ ሰልፍ አስገባችኝ።

መታጠቂያውን ስታስታጥቀኝ ስፌቱን ገልብጬ አየሁት። ሃያ ዓመት የሰፋ ሰው ሌላ ምን ያያል? በወፍራም ክር፣ እላዩ ላይ እየተመላለሰ የተሰፋ ነው፤ በጥፍሬ ብስበው ንቅንቅ አላለም። እስክጨርስ ጠበቀችኝና «እኔም ጠዋት ጠዋት እንደዚሁ ነው የማየው፤ ካንቺ ነው የተማርኩት» አለችኝ።

ኦቦ ገርባ የሚባሉ የሱሉልታ ወተት ነጋዴ ከነባለቤታቸው አብረውን ነበሩ። ታች ሆነው ሲፎክሩ ቆይተው፣ ዛፉ ላይ የተሠራው ማማ ላይ ስንወጣ ግንዱን አቅፈው አልለቅም አሉ። ሄመን «ሱታ፣ ሱታ»፣ ቀስ ይበሉ እያለች ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች፤ ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ አሳቀቻቸውና ለቀቀቻቸው። «ያ ዋቃዮ!» እያሉ ፈጣሪን ሲጠሩ እስከ ማዶ ድረስ ሄዱ። እኛ በሳቅ ሞትን።

ተራዬ ደረሰ። ቁልቁል ሳይ ዓይኔ ጨለመ። ልመለስ ስል ሄመን መንጠቆዬን ልታጠብቅ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ላይ የቆዳ ጓንት አየሁ። አውራ ጣቱ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ያንን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ለአባቷ። ጓንቱ ከቀብሩ በኋላ የማን ሣጥን ውስጥ እንደገባ እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። የዚያ ሣጥን ቁልፍ ደግሞ ከአንገትዎ ወርዶ አያውቅም። ማን ሰጠሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

«ልልቀቅሽ?» አለችኝ።

«ልቀቂኝ» አልኳት።

እማማ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርዎ? መጀመሪያ የራሴን ጩኸት ሰማሁ፤ መሃል ላይ ጩኸቱ ሳቅ ሆነ። ያ ሁሉ ዝግባ ከእግሬ ሥር ነው። ጉሬዛዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ሽቅብ ያዩኛል! የሰበታ ጣሪያዎች በቅጠሉ መሃል ብልጭ ብለው ጠፉ። ልጅዎ ምሰሶ ላይ ውሎ ሲመጣ «ከላይ ሆነሽ ብታዪው!» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን በስጋት ሰምቼው አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ የማየው ሲወድቅ ብቻ ነበር። እሁድ ዕለት ሲወጣ አየሁት፤ ፊቱ በደስታ በርቶ።

ማዶ ደርሼ ስቆም ሄመን ተከትላኝ መጣች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «እሺ እማ፣ ልተወው?» አለችኝ።

«ስንት ገመድ ቀረን?» አልኳት።

«አራት።»

«ታዲያ ምን ታቆሚኛለሽ?»

ተጠመጠመችብኝ፤ ሄልሜታችን ቋ ብሎ ተጋጨ። እኔም አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፤ ከኋላችን ያለው ሰው ተራው እስኪደርሰው መጠበቅ ግድ ሆነበት። ዕለቱን ከነሻንጣዋ ቤት ገባች። ይሄን ስጽፍ ጓዳ ውስጥ እያንጎራጎረች ነው።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ሁለታችንም ተጂ እርስዎ ጋ እንመጣለን። ስንመጣ ስለ ጓንቱ ምንም አይበሉኝ፤ እኔም ምንም አልልም። ጎንበስ ብዬ ጉልበትዎን ብቻ እስማለሁ።

እስከዚያው አምላክ ብርታቱን ይስጥዎ፤ ቤትዎ አይጉደልብዎ፤ ሄመንን ድረው፣ የልጅ ልጅዎን ልጅ ታቅፈው ለመሳቅ ያብቃዎ።

ልጅዎ