እንደ ፈረስ የተመረመረው ኮምፒውተር

የካቲት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.
ዳንግላ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ እንግዳው፣ የጋሪ ምዝገባና ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ትንፋሽዎም እንደ ቢሮዎ ኮምፒውተር ሳይሆን እንደ ፈረሴ እንደ ዳማ የተስተካከለ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ባምላክ ሽባባው የምባል፣ ከአስረኛ ክፍል ጋር በስምምነት የተለያየሁ ጋሪ ነጂ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋሪ ማቆሚያው ግንብ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ጓደኞቼ የሚያነቡት ነገር ቢያጡ አዝኜላቸው ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ከጥር አንድ ጀምሮ የጋሪ ፈቃድ በእጅ መጻፉ ቀርቶ በኮምፒውተር ብቻ እንዲታተም፣ አዲሱን ፈቃድ ያልያዘ ጋሪም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ አዘዋል። ለዘመናዊነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይኸው አምስት ሳምንት ሙሉ አንድም ፈቃድ አልታተመም። ዳማ በረት ቆሞ እየበላ እንደ ኃላፊ ሲወፍር፣ በእሱ እግር የሚያድሩት እናቴና ሁለት እህቶቼ ግን እየቀጠኑ ነው። ቁጥር እንደሚወዱ ስለሰማሁ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ. ፈቃዱን በሚያትመው አዲስ ፕሮግራም ሲዲ ሽፋን ላይ፣ ቢያንስ ሁለት ጊጋ ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ይችል እንደሆነ ይመርመር ሲባል፣ እርስዎ በፈረስ ጀርባ ያደጉ የአዘና ሰው ነዎትና ሽፋኑን ሳያነቡ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ቀረቡ። ፊቱን አዩ፤ ጎኑን መታ መታ አደረጉ፤ ጆሮዎን ከኋላው አስጠግተው ትንፋሹን አዳመጡ። ከዚያም «ሰውነቱ ሙሉ ነው፤ ገና ወጣት ነው፤ ይህማ ይችላል!» ብለው ፈረሙ። በመስኮት እያየሁ አጨበጨብኩ። ፈረስ ቢሆን እኔም እፈርም ነበር። ሆዱ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ግን ግማሽ ጊጋ ብቻ ነው፤ ጌታዬ፣ ሙሉ ጭነት ያለው ጋሪ ላይ ዛሬ የተወለደ ውርንጭላ ጠምደዋል።

2ኛ. ፕሮግራሙ አልከፈትም ሲል፣ የኮምፒውተር ባለሙያው ገበየሁ «ቫይረስ ነው» ብሎ አንቲቫይረስ ጫነ። በማግስቱ እርስዎ ከስብሰባ በፍላሽ ይዘው የመጡትን ሌላ አንቲቫይረስ እላዩ ላይ አስጫኑ። በአንድ ካስማ ሁለት ድንጉላ ፈረስ ታሰረ ማለት ነው። አንደኛው ሁለተኛውን ሌባ ይለዋል፤ ሁለተኛውም አንደኛውን። አዲሱ ፕሮግራም ብቅ ያለ እንደሆነ ደግሞ ለጊዜው ይታረቁና ሁለቱም እሱን ይነክሱታል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ዮዲት «አንዱን አጥፉት፤ ቀሪውን ፕሮግራሙን እንዲያሳልፈው ንገሩት» ብትል፣ ገበየሁ «የአለቃን አንቲቫይረስ እኔ ልንቀል? ከእንጀራዬ ልታፈናቅዪኝ ነው እንዴ፣ እህቴ?» አላት። የራሱንማ እንዳይነቅል፣ በወሩ ሪፖርት ውስጥ አስገብቶታል።

3ኛ. በመጨረሻ ሜሞሪ እንዲጨመርለት፣ ጠቡም እንዲበርድለት ወደ እንጅባራ ይላክ ተባለ። እሰየው! ነገር ግን የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ በቀለች መዝገቡን ቢገልጡ፣ ኮምፒውተሩ፣ ማተሚያውና ጠረጴዛው በአንድ የንብረት ቁጥር ተመዝግበው ተገኙ። «ጠረጴዛው ካልሄደ ኮምፒውተሩ አይወጣም!» አሉ። ጠረጴዛው አራት መሳቢያ ያለው የዋንዛ ጠረጴዛ ነው። በባጃጅ ተሞከረ፤ ጠረጴዛው ምንም አልሆነም፣ ባጃጁን ግን እግዜር ይማረው።

ትናንት ጠዋት ተላላኪዎ አቶ ቢሻው ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ባምላኬ፣ አለቃ ልከውኝ ነው። ዳማን ጥመድና አንዲት ጠረጴዛ እስከ መናኸሪያ አድርስልን» አሉኝ።

«ጋሼ ቢሻው፣ ፈቃድ የሌለው ጋሪ እንዳይንቀሳቀስ ታዟል ብለውኝ አልነበር?»

«እሱማ ታዟል» አሉና ራሳቸውን አከኩ።

«ታዲያ ፈቃዴ የት አለ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

ከዚያ ሁለታችንም ዞር ብለን ዳማን አየነው። ጌታዬ፣ እንዲያ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም፤ እናቴ አመመው ብላ ጠበል ልትረጨኝ ነበር።

እኔ ሕግ አክባሪ ነኝና መንኮራኩሬ ያለ ፈቃድ አይዞርም። ስለዚህ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ «ኮምፒውተሩ እስኪመለስ የዳንግላ ጋሪዎች በሙሉ እንዲሠሩ ተፈቅዷል» ብለው በእጅዎ ይጻፉና ማኅተም ያሳርፉበት። ያን ዕለት ጠረጴዛውን ከነመሳቢያው፣ ደስ ካለዎትም እርስዎን ከነወንበርዎ፣ በነፃ አደርሳለሁ።

መልስዎን፣ ኮምፒውተርዎ ተከፍቶ እስኪያበቃ እንደምጠብቀው ያህል በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ ለትእዛዝዎ ሲል የቆመ ታዛዥዎ፣

ባምላክ ሽባባው
(ጋሪ ነጂ ነበር)

ግልባጭ፦
ለዳማ፣ በረት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት እስክሪብቶዬ ከወረቀቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ መርምሬ ነበር፤ ክዳኑን እንዳነሳሁለት ጻፈ። ከደብዳቤው ሥር በክር አንጠልጥዬ ትቼልዎታለሁና ይውሰዱት። የንብረት ቁጥር የለውም፤ ያለ ጠረጴዛ ይወጣል።