አርባ ዓመት የተረገመው ፖስተኛ

ጥቅምት 4
ለማንም፣ ለሟቹ ባለቤቴ እንኳ፣ ያልነገርኩት... የታላቅ እህቴን ደብዳቤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አስራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማንበብ አልችልም። ምድጃ ለኮስኩበት። ኮሌጁ "የመግቢያ ደብዳቤ ልከንልሽ ነበር፣ ቦታሽን ሌላ ሰው ያዘው" ሲላት ነው ምን እንደነበር የገባኝ። "ምንም አልመጣም" አልኩ። ይኸው አርባ ዓመት እትዬ ፖስተኛውን ትረግማለች። ሰውየው ሞቶ እንኳ አላረፈም።

ሌላ ምን አለ? በምሠራበት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍቱን አቧራ አራገፍኩ። የተማሪ አስታራቂዎች ከነገ ጀምሮ የኋላውን ጠረጴዛ ይይዛሉ አሉ። ጫጫታ ሊያመጡብኝ!

ጥቅምት 5
አስታራቂዋ ባለመነጽር የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። "ዳኛዋ" ይሏታል። ሕጓ አንድ ነው፦ ሁሉም ራሱ ያደረገውን ብቻ ይናገራል። የሌላውን ጥፋት ያነሳ፣ እንደገና ይጀምራል።

በጥፊ የተመታው ልጅ ስድስቴ ጀመረ። በመጨረሻ፣ "እኔ... ጉንጬን እጁ ላይ አሳረፍኩ።"

አፌን በመጽሐፍ ጋርጄ ሳቅኩ።

"ከዚያ በፊትስ?" አለችው።

"ከዚያ በፊት... ሰድቤው ነበር መሰለኝ።"

ጥቅምት 11
ከዘበኛው ጋር ተጣላሁ። በወንበር! ባለመደገፊያዋን ወንበሬን ሁልጊዜ ወደ በሩ ይወስድብኛል። ዛሬ ዕቃ ክፍል ቆለፍኩባት። ቆሞ ዋለ። ጩኸቱን ሰምታ ዳኛዋ ከች አለች።

"ጋሼ፣ እማማ፣ ተቀመጡ።"

"በምን ላይ?" አለ።

እሱ ጀመረ። "ይቺ ሴትዮ..."

"እንደገና፣ ጋሼ።"

"እሺ... ወገቤን ያመኛል። ሳልጠይቅ ወሰድኩ።"

ተራዬ ደረሰ። "እኔ ደበቅኳት። ሲጠይቀኝም አላየሁም አልኩ።" ይህችን ለማለት ላብ አጠመቀኝ። ለወንበር ነው እንዲህ የሆንኩት?

ልጅቷ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። "ሌላስ አለ፣ እማማ?"

"የለም።"

ውሸቴን ነው።

ጥቅምት 12
ወንበሯ ጠዋት የእሱ፣ ከሰዓት የእኔ። አስፈረመችን።

ጥቅምት 17
እሁድ። እትዬ ደወለች። ስለ ጉልበቷ፣ ከዚያ እንደ ልማዷ... "ያ የማይረባ ፖስተኛ ባይኖር ዛሬ የት በደረስኩ!"

"እትዬ... እኔ..."

"አንቺ ምን?"

"ያን ቀን እንጨቱ እርጥብ ነበር..."

"የምን እንጨት? አይሰማም!" ዘጋችው።

እንጨቱን ምን አመጣው? እንደገና፣ እማማ።

ጥቅምት 18
እኔ አቃጠልኩ። እኔ ዋሸሁ። ማንበብም ራሴን ያስተማርኩት፣ ሁለተኛ ሳላውቅ የሰው ነገር እንዳላቃጥል ነው።

እነዚህን ገጾች ቀድጄ ፖስታ ውስጥ ከተትኳቸው። ፖስታ ቤት ግን አልሰጥም። ፖስተኞችን ያስረገምኩት ይበቃል። ቅዳሜ ራሴ ሄጄ በእጇ አስጨብጣታለሁ... ለእትዬ።