የአማቴ ቀንዶች

ጆይስዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ ደቡብ ቴክሳስ፣ እሾህ መሀል ነኝ። እኛ ዊስኮንሲን ዛፍ ላይ ወጥተን አጋዘን ስናድን ያስነጠሰ ሰው ይረገማል፤ እዚህ አጋዘን የሚጠራው በጩኸት ነው። ዛሬ ጠዋት አማቴ ኤርሊንዳ ሁለት የአጋዘን ቀንድ ይዘው ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ባሌ ራሞን፣ “እማዬ፣ በዚህ በደከመ ክንድሽ? ይልቅ መኪና ውስጥ ሆነሽ ሙቂ” ብሎ ሳቀ።

“አንተን ታቅፎ ያሳደገ ክንድ ነው! ዝም ብለህ ተከተለኝ።”

ቀንዶቹን አጋጩ፣ ቅርንጫፍ ሰበሩ፣ መሬቱን በጫማቸው ደበደቡ፤ ሁለት ወንድ አጋዘኖች በሴት የተጣሉ ነው የሚመስለው። ከዚያ ፀጥ አሉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወንድ አጋዘን፣ ጠብ ፍለጋ አንገቱን አሳብጦ ፊታችን ተገተረ። ራሞን እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ። ጠመንጃው የለም! “ምን ሊመጣ” ብሎ መኪና ውስጥ ትቶታል።

አማቴ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ፣ “በል እንግዲህ፣ አንተ ሂድና መኪና ውስጥ ሙቅ” አሉት። አጋዘኑ በረረ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ለወንድሞችሽም ንገሪያቸው፤ አማቴ ቀንዶቹን ሰጥተውኛል። ለከርሞ ለአደን ስመጣ ዛፍ ላይ “ዝም በይ” የሚለኝ ካለ፣ ይሞክረኝ!

ማርሊስ