ማሳው የላላው ክሩስኮት

ጥር 14። የመኪናህ ክሩስኮት መብራት ትናንት ተሠራ።

ሙሌ፣ ከሄድክ ነገ ዓመት ይሆናል። ለሙት ዓመትህ ዛሬ ወደተቀበርክበት ወደ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። እናትህ ቀድመው መኪናህ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ የረሳሁትን ነጠላ ልወስድ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ቤቱ ደኅና ነው። ንፋስ የገነጠለውን ቆርቆሮ አስመትቼዋለሁ። እናትህ ከአርባህ ወዲህ ከእኔ ጋር ናቸው። ወጡ ጨው በዛበት ይላሉ፤ ከዚያ ጨርሰው ይበላሉ። መንዳቱን ለምጄዋለሁ። ዳገት ላይ ማርሽ ሳዘገይ ግን ከጎኔ ሆነህ የምትቆጣኝ ይመስለኛል።

መብራቱ የተበላሸው እንዲህ ነው። አርባህ በወጣ ሰሞን እናትህ ቄስ ጠርተው መኪናውን ጠበል አስረጩ። ቄሱ በሩንና ጎማውን ረጨት ረጨት አድርገው ሄዱ። ለእናትህ አልበቃቸውም። እኔ ትምህርት ቤት በዋልኩበት ቀን ከቤተ ልሔም ያስመጡትን እምነት፣ ያንን የተባረከ አፈር፣ በተረፈው ጠበል በጥብጠው አንተ የነካኸውን ሁሉ አጠቡት። መሪውን፣ ወንበርህን፣ ክሩስኮቱን ከላይ እስከ ታች። ስመለስ ወንበሩ ርሷል። «ልጄ የተቀመጠበት አይደለም ወይ?» አሉኝ። ጨርቅ አምጥቼ አደረቅሁት፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ከፋሲካ በኋላ የክሩስኮቱ መብራቶች መርገብገብ ጀመሩ። የነዳጁም የሙቀቱም መለኪያ አብረው ይጠፋሉ፣ አብረው ይመጣሉ። እናትህ መጀመሪያ ያዩት ከገበያ ስንመለስ ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሙሉጌታ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲመሻሽ ሞተሩን አስነሺልኝ ይሉኛል። የጉልበታቸውን ሕመም፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ የእኔን ጨው ሳይቀር ለክሩስኮቱ ይነግሩታል። ብልጭ ሲል «ሰማኝ» ይላሉ። ላሠራው ስል ደግሞ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይነካም!» ብለው ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ከአርብ ገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ጠፍቶ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ቀዩ ላይ ደርሷል። የራዲያተሩ ውኃ ጎድሎ ኖሯል። ሞተሩ እስኪበርድ መንገድ ዳር ተቀመጥን። የቤተ ልሔም መንገድ ከዚያ ይብሳል። እናትህን ይዤ እንዲህ ባለ መኪና እንደማልሄድ ያን ዕለት ወሰንኩ።

አንተ እንደምታደርገው ከቀላሉ ጀመርኩ። የባትሪውን ማሰሪያ አጠበቅሁ፣ ፊውዙን ለወጥኩ። ለውጥ የለም። ነዳጅ ስሰጠው መብራቱ አይደምቅም፣ አይደክምም፤ ስለዚህ ዲናሞው አይደለም አልኩ። አስፋልት ላይ ጸጥ ይላል፣ ኮረኮንች ላይ ያብዳል። የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ኑሩ ጋ ወሰድኩት። ከመስጊዱ አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ያስተማርኩት።

ኑሩ ክሩስኮቱን ፈታ። እኔ ሽቦዎቹን እነቀንቃለሁ፣ እሱ መብራቱን ያያል። ከመሪው ሥር አንዱን ጥቁር ሽቦ ስነካ ሁሉም ጠፋ።

«ማሳው ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበት ብሎን ዝጎ ላልቷል። ዙሪያውን ግራጫ ጭቃ ደርቆበታል።

«መኪናው ወንዝ ገብቶ ነበር እንዴ?»

«ጠበል ነው። እምነት ተበጥብጦበት።»

ሊያጸዳበት ያነሣውን ብሩሽ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ንጹሕ ወረቀት ፈልጎ ሰጠኝ። «ይህንንስ እኔ መሬት ላይ አላራግፈውም። እርስዎ ያንሱት።» ፈቅፍቄ በወረቀቱ ጠቀለልኩት። እሱ ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ አጠበቀው። መብራቱ ቀጥ ብሎ በራ።

ስደርስ ለእናትህ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱንም ሰጠኋቸው። አላመኑኝም። ወጥተው መኪናው ውስጥ ገቡ፤ ሞተሩን አስነሣሁ። በሩን ከፍተው በኃይል ዘጉት። ደገሙት። ክሩስኮቱን በመዳፋቸው መቱት። መብራቱ ፍንክች አላለም።

«ታዲያ እንግዲህ ምን እያየሁ ላውራው?» አሉ።

እኔም ብቻዬን ስነዳ ብልጭ ሲል «እሺ፣ ማርሽ ልቀንስ» እለው ነበር። ሽቦ እንደሆነ እያወቅሁ። ትናንት ከኑሩ ጋ ስመለስ ኮረኮንቹን ሆን ብዬ ሄድኩበት። ምንም አላለም።

ዛሬ ጠዋት እናትህ ሳልጠራቸው ተነሡ። ወረቀቱን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው መኪናው ውስጥ ገቡ። መቃብርህ ላይ ሊበትኑት ነው መሰለኝ፤ አልጠየቅኋቸውም።

ለአንተ የምገባልህ ቃል ትንሽ ነው። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ያንን ብሎን ፈትቼ አጽድቼ መልሼ አጠብቀዋለሁ። ያን ጊዜ አንተን አስባለሁ። በሌላውም ቀን አስባለሁ፤ ይህን ግን በእጄ አደርገዋለሁ።

ክላክሱ ጮኸ። እናትህ ናቸው፤ ከዛሬ በፊት ነክተውት አያውቁም። ደገሙት። ጎረቤታችን ባጥሩ ላይ «ኧረ እማማ፣ ሰፈሩን ቀሰቀሱት እኮ!» ይላቸዋል።

«ልጄ ጋ ልሄድ ነው፤ አንተ ምን አገባህ!»

ሦስተኛውን ነፉት። ጧፍ ገና አልገዛንም። ነጠላዬ እጄ ላይ ነው፤ ወጣሁ።